ልጄ ያንኮራፋል፣ አልጋም ላይ ይሸናል፣ ይገናኛል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ እስካሁን አንድም ሳምንት ሙሉ አልጋው ደርቆ አድሮ አያውቅም፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን ይሸናል። ክረምት ሲሆንማ ተዉኝ፣ ፍራሹን አውጥቼ ሳላሰጣው ዝናቡ ይመጣል፣ ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ውሃ ከለከልኩት፣ አልሆነም። አያቱ በእሳት ስለሚጫወት ነው አለች፣ ምድጃ አጠገብ እንዳይደርስ አደረግን፣ እሱም አልሆነም። አባቱ አንድ ሁለቴ ገርፎታል፣ እኔ ደስ አላለኝም። ልጁ ራሱ ተሳቋል፣ ለጥምቀት የአክስቱ ልጆች ፒያሳ እኛ ጋ እደር ብለው ሲለምኑት ሆዴን አሞኛል ብሎ ቀረ፣ እኔ ግን ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሌላው ደግሞ ሲተኛ በጣም ያንኮራፋል፣ አባቱን ያስንቃል፣ አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ ቶንሲልም ቶሎ ቶሎ ያመዋል። አሁን አጎቱ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ እንውሰደው እያለ ነው። ማንኮራፋቱና ሽንቱ ይገናኛል ወይስ እኔ ነኝ ያገናኘሁት? እንጥሉንስ ላስቆርጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና እንጥሉን አታስቆርጪው። ይሄን ለአጎቱ ዛሬውኑ ንገሪልኝ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

አዎ ይገናኛል፣ ያለ ምክንያት አላገናኘሽውም። ልጅ ሲያንኮራፋ እኛ ቤት ይሳቃል፣ እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል ይባላል፣ ሲጫወት ውሎ ደክሞት ነው ይባላል፣ ያው ያልፋል። ጉንፋን ይዞት ሁለት ሦስት ቀን ቢያንኮራፋ ችግር የለውም። ግን ጉንፋን ሳይኖረው በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ ልጅ መታየት አለበት፣ በተለይ ደግሞ አልጋ ላይ የሚሸና ከሆነ። በእንቅልፍ ጊዜ የመተንፈስ ችግር ካለባቸው ልጆች ሲሶ ያህሉ አልጋ ላይም እንደሚሸኑ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ተገኝቷል። ቀላል ቁጥር አይደለም ይሄ።

እንዴት ነው አፍንጫና ጉሮሮ ከፊኛ ጋር የሚገናኘው ካልሽ፣ ቶንሲል በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ እብጠት የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፣ አዴኖይድ የሚባል ደግሞ ከአፍንጫ ጀርባ ተደብቆ አለ፣ አፍ ሲከፈት አይታይም። በ2 እና በ8 ዓመት መካከል እነዚህ ነገሮች ከልጁ ጉሮሮ ስፋት ጋር ሲተያዩ ትልቅ የሚሆኑበት ጊዜ ነው። ቀን ላይ የጉሮሮ ጡንቻ ቆሞ ስለሚጠብቅ ልጁ ምንም አይመስለውም፣ ተኝቶ ጡንቻው ሲላላ ግን መተላለፊያው ይጠባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጋል። ለስላሳ ስትሮ በኃይል ሲሳብ እንደሚጣበቀው ማለት ነው። ልጁ አየር ለማስገባት ደረቱን በኃይል ይስባል፣ አየሩ ግን አይገባም፣ በዚህ ጊዜ ደረት ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ዝቅ ይልና ደም ወደ ልብ በብዛት ይሳባል፣ የልብ ላይኛው ክፍል ይለጠጣል። ልብ ታዲያ ሰውነት ውስጥ ውሃ የበዛ ይመስለውና ጨውና ውሃ አስወጣ የሚል ሆርሞን ወደ ኩላሊት ይልካል። ኩላሊትም ይታዘዛል። ጤነኛ ልጅ ሌሊት ሌሊት ሽንት የሚቀንስ ሌላ ሆርሞን ስለሚጨምር ሽንቱ ከቀኑ ያንሳል፣ የእሱ ግን እየበዛ ያድራል።

ስለዚህ ከ10 ሰዓት በኋላ ውሃ ብትከለክይው ለምን እንዳልሰራ አየሽ አይደል? ሽንቱ የሚበዛው አሁን ከጠጣው ብርጭቆ ሳይሆን ሌሊት ከሚያደርገው ትግል ነው። እንዲያውም ቀኑን ጠምቶት የሚውል ልጅ ማታ ባገኘው ሰዓት ይገለብጠዋል፣ ጠዋትና ከሰዓት በደንብ ይጠጣ፣ ማታ በልኩ ይሁን፣ በቃ። ሻይና ኮካ ግን ማታ ይቅርበት፣ ካፌይን አለው።

ሁለተኛው ነገር እንቅልፉ ራሱ ነው። ትንፋሹ በተዘጋ ቁጥር አንጎሉ ለሰከንዶች ብቅ ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ተመልሶ ይሰምጣል፣ ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋገም እንቅልፉ የተቆራረጠ ይሆናል፣ ልጁ ግን ምንም አያስታውስም። እንደዚህ ሲደክም ያደረ አንጎል ደግሞ ፊኛ ሞላ የሚለውን መልእክት አይሰማም፣ ብትጠሪው ብትነቀንቂው የማይነቃው ለዚህ ነው። አባቱ ይሄን ያንብብልኝ፣ ልጁ ሰምቶ ችላ ብሎ አይደለም የሚሸናው፣ ተኝቶ የሚሆነውን ነገር በጅራፍ ማስተማር አይቻልም። ደግሞ የተገረፈ ልጅ ፈርቶ ይተኛል፣ ሽንቱ አይቀንስም፣ የሚጨምረው መሳቀቁ ብቻ ነው። ሽንታም የምትለዋንም ቃል ከቤት አውጧት። በእሳት መጫወቱን ቢያቆም ለእጁ ጥሩ ነው፣ ለሽንቱ ግን አያገባውም።

አሁን ቤት ውስጥ የምትሰሪው አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሲሰራው ይሳሳታል። በስልክሽ ቪዲዮ ቅጂው። ሰው ሁሉ የሚቀርጸው ገና እንደተኛ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ እናቱም ራሷ ሳትተኛ። ልጆች ላይ ግን ትንፋሽ የሚቋረጠው ይበልጥ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ የሚበዛው ወደ ንጋቱ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ አላርም ሞልተሽ ተነሽ፣ መብራት ወይም ባትሪ አብሪ፣ ፒጃማውን እስከ ደረቱ ከፍ አድርጊው፣ ደረቱም ሆዱም ፊቱም እንዲታይ አድርገሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ድምፁ እንዲሰማ ቅጂ። የምናየው ምንድን ነው መሰለሽ፣ ሆዱ ሲነሳ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል ወይ፣ አንገቱ ስር ያለው ጎድጓዳ ቦታ ይሳባል ወይ፣ እያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይልና ከዚያ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው በኃይል ስቦ ይተነፍሳል ወይ። ጸጥታው ነው የሚያስፈራው፣ እናቶች ጸጥ ሲል ተሻለው ይላሉ። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወይም ተቀምጦ ካልሆነ የማይተኛ፣ ትራሱን በላብ የሚያርስ፣ ጠዋት ራሴን አመመኝ አፌ ደረቀ የሚል ከሆነም ጻፊው። ቀን ላይ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ላያንቀላፋ ይችላል፣ ብዙዎቹ እንዲያውም ይቅበጠበጣሉ፣ ቁጡ ይሆናሉ፣ ክፍል ውስጥ ልባቸው አይሰበሰብም፣ አስተማሪ ረባሽ ነው ብሎ ይከሳቸዋል። የእድገት ሆርሞን በብዛት በጥልቅ እንቅልፍ ነው የሚመነጨው፣ ስለዚህ ከእኩዮቹ ቀጭጮ የቀረም ይኖራል።

ቪዲዮውን ይዘሽ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ የጤና መድን ካላችሁም መንገዱ ያው በሪፈር ነው፣ ከዚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ያለበት ቦታ ይላክ። ጤና ጣቢያው ሽንቱን ይመርምርልሽ፣ ኢንፌክሽንና ስኳር እንደሌለው ለማወቅ ትንሽ ሽንት ይበቃል። ሐኪሙ ጉሮሮውን ያያል፣ አዴኖይዱን በራጅ ወይም በአፍንጫ በምትገባ ቀጭን ካሜራ ያያል። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽን፣ ኦክስጅንንና የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግብ የእንቅልፍ ምርመራ የሚባል አለ፣ ከሁሉም እሱ ይበልጣል፣ ግን በየቦታው የሚገኝ አይደለም፣ ለዚህ ነው ቪዲዮሽ ዋጋ ያለው።

ከዚያ በኋላ እንደ መጠኑ ነው። ቀለል ያለ ከሆነ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚነፋ የአፍንጫ ስፕሬይ ይሞከራል፣ አለርጂ ካለው እሱ ይታከማል፣ ክብደቱ የበዛ ልጅ ከሆነ እሱ ይስተካከላል። ቤታችን ውስጥ ያለውም ጭስ አፍንጫ ያሳብጣል፣ ቡና በሚፈላበት፣ ከሰልና እጣን በሚጨስበት ክፍል ልጁን አታስተኚው (ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛትማ ሰው ይገድላል፣ በብርድ ጊዜ ስንቱን ሰማን)። ቶንሲሉና አዴኖይዱ በጣም ትልቅ ሆነው ትንፋሹን እየዘጉት ከሆነ ግን ኦፕሬሽን ነው፣ ሁለቱም ይወጣሉ። በደንብ ተኝቶ፣ ተደንዝዞ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ።

እና አሁን ወደ አጎቱ። እንጥል መሃል ላይ ተንጠልጥሎ የምታይው ነው፣ ቶንሲል ጎንና ጎን ያለው ነው፣ የልጁን ትንፋሽ የሚዘጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎንና ጎን ያለውና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ነው። ስለዚህ እንጥሉን ቢቆርጡት መንገዱ እንደተዘጋ ይቀራል። እንጥል ወረደ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ጉሮሮው ተቆጥቶ ስላበጠ ነው፣ ሲድን ይመለሳል። በቤት የሚቆረጥ ልጅ የሚደማው ደም ቀላል አይደለም፣ ያልተቀቀለ ምላጭ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል፣ ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል፣ ቁስሉ ያመረቅዝና ደም ይመርዛል። ሰውየው ስንቱን ቆርጦ ድኗል ሊሉሽ ይችላሉ። የዳነው ራሱ ይመሰክራል፣ የሞተው ግን ተመልሶ አይነግርሽም።

ቶንሲል ቶሎ ቶሎ ያመዋል ያልሽውንም አትተይው። ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ካልታከመ ከጊዜ በኋላ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸውን የሩማቲክ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ እኛ አገር ደግሞ የታወቀ ነው። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘለት ትኩሳቱ ስለጠፋ ብለሽ መሃል ላይ እንዳታቆሚው።

ጥያቄ፦ እኔ ጎንደር ማራኪ ሰፈር የምኖር መምህር ነኝ። ሴት ልጃችን 6 ዓመቷ ነው፣ አልጋ ላይ ትሸናለች፣ ቀን ላይ ግን ምንም የለባትም። አታንኮራፋም፣ አፏን ዘግታ ነው የምትተኛው። አንድ ጓደኛዬ የልጁ ቶንሲል ወጥቶ ሽንቱ ቆመ ብሎ ነገረኝ። የእኛንም እናስወጣው? እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ 9 ዓመቴ ድረስ እሸና ነበር፣ ባለቤቴም ስጠይቃት ሳቅ ብላ ዝም ትላለች።

መልስ፦ ባለቤትዎ መልሰዋል እኮ! አይ፣ አታስወጡት። የማታንኮራፋ፣ አፏን ዘግታ በሰላም የምትተኛ ልጅን ለሽንት ብሎ ኦፕሬሽን መስራት ትክክል አይደለም። የጓደኛዎ ልጅ የዳነው ትንፋሹ ስለተከፈተ ነው፣ የእርስዎ ልጅ ትንፋሿ አልተዘጋም። እናትም አባትም በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ ከ10 ልጆቻቸው 7 ወይም 8ቱ ይሸናሉ፣ አንዱ ብቻ ከነበረ 4 ያህሉ። ይሄን ለልጅቱም ይንገሯት፣ አባዬም እንደኔ ነበር ማለት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ከ100 የ5 ዓመት ልጆች 15 ያህሉ ይሸናሉ፣ ከዚያ በየዓመቱ ከሚሸኑት ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና ይተዋሉ።

እስከዚያው ሆድ ድርቀት እንዳለባት ይጠይቋት፣ ይሄን ማንም አያስበውም፣ የደረቀ ሰገራ ፊኛን ይጫናል፣ እሱ ሲስተካከል ሽንቱም የሚቆም ልጅ አለ። ቀን ላይ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ትሽና፣ ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱን ስለምትጠላ ይዛ የምትውል ከሆነ እርስዎ መምህር ነዎትና ያውቁታል፣ ያናግሩላት። ከመተኛቷ በፊት ትሽና። ሌሊት ቀስቅሶ ማሸናት ለዚያች ሌሊት አንሶላውን ያድናል እንጂ አያድናትም፣ ካልደከማችሁ አድርጉት። 7 ዓመት አልፏት ካልተወችና ከከበዳት ሁለት ሕክምና አለ፣ አንዱ ፓንቷ ላይ ወይም ፍራሹ ላይ ተደርጎ ጠብታ ሲነካው የሚጮህ አላርም ነው፣ ሁለት ሦስት ወር ትዕግስት ይፈልጋል፣ ከሦስቱ ሁለቱ ላይ ይሰራል፣ ማግኘቱ ነው የሚያስቸግረው። ሌላው ዴስሞፕሬሲን የሚባል ኪኒን ነው፣ ሐኪም ሳያዝ ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይሰጧት፣ እሱን ውጣ ብዙ ውሃ ከጠጣች ደሟ ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ የሚጥል በሽታ እስከማምጣት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ6 ዓመት ልጄ ቶንሲሉና አዴኖይዱ ከወጣ ሁለት ወር ሆነው። ማንኮራፋቱ ቆመ፣ እንቅልፉ ተስተካከለ፣ ክብደትም ጨመረ ተመስገን ነው። ሽንቱ ግን ድሮ በየቀኑ ነበር፣ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ባለቤቴ ያ ሁሉ ብር ከሰረ እያለ ይነዘንዘኛል። በከንቱ ነው ያስቆረጥነው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ። ኦፕሬሽኑ የተሰራው ልጁ እንዲተነፍስ ነው፣ ተንፍሷል። ሽንቱ ጭማሪ ነው። ቶንሲል ከወጣላቸው ልጆች ውስጥ ሽንቱ ሙሉ በሙሉ የሚቆምላቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው፣ ከፊሎቹ ወዲያው በሳምንታት ውስጥ፣ ከፊሎቹ በወራት። በየቀኑ ከነበረ ወደ ሦስት ቀን መውረድ መንገዱን መያዙን ነው የሚያሳየው፣ እስከ 6 ወር ድረስ ታገሱት። ቀን መቁጠሪያ ላይ የደረቀውን ሌሊት ራሱ ምልክት ያድርግበት፣ የረጠበውን አትቁጠሩበት። ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ከላይ ለመምህሩ የነገርኩትን ሕክምና ነው፣ ምናልባት ሁለት ምክንያት ነበረው ማለት ነው፣ ትንፋሹም የቤተሰቡም ዘር። ማንኮራፋቱ ከተመለሰ ግን ተመልሳችሁ አሳዩት፣ በተለይ ውፍረት እየጨመረ ከሆነ፣ አዴኖይድም አንዳንዴ መልሶ ያድጋል።

ይሄን አጋጣሚ ልጠቀምና ገና ለሚያስወጡ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ጉሮሮው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር መግል አይደለም፣ ቁስሉ ሲድን የሚሸፍነው ነው፣ አትፋቁት። የሚፈራው ደም ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ወይም ደግሞ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ቅርፊቱ ሲወድቅ ሊመጣ ይችላል፣ ደም ከተፋ ወይም ቶሎ ቶሎ ከዋጠ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፣ አስፒሪን የለም፣ ኮዴይን ያለበት መድኃኒት ደግሞ ጭራሽ ለልጅ አይሰጥም፣ ትንፋሽ ያቆማል።

ጥያቄ፦ ለታናሽ እህቴ ነው የምጠይቀው፣ እናታችን ስልክ አትችልም። 11 ዓመቷ ነው፣ ከ4 ዓመቷ ጀምሮ ሸንታ አታውቅም፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት ወዲህ ግን አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች። ማታ ማታ ጆግ ሙሉ ውሃ ትጠጣለች፣ ቀን ላይም ውሃ ውሃ ነው የምትለው፣ ልብሷም ሰፍቷታል። እሷም ታንኮራፋለች፣ ቶንሲል ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ቶንሲል አይደለም፣ ማንኮራፋቱን ለጊዜው ተይው። ደርቃ የነበረች ልጅ በድንገት መሽናት ስትጀምር፣ ውሃ ስታበዛ፣ ስትከሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ስኳር ነው፣ ልጆችን የሚይዘው፣ ኢንሱሊን የሚፈልገው ዓይነት። ከጣቷ ጠብታ ደም ወስዶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም፣ ጤና ጣቢያም ሊሰራልሽ ይችላል። ይሄን እንዳነበብሽ ውሰጃት፣ ቅዳሜም ይሁን እሁድ፣ ፆም ነው ቁርስ አልበላችም ምናምን ሳትይ። ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማት፣ ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ከሸተተ ወይም ከፈዘዘች ጤና ጣቢያ አትሂጂ፣ ባጃጅ ይዘሽ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ።